የስፕሪንግፊልድ ግምጃ ቤት፣ 1787፦ ባዶ ካዝና እንዴት ጠንካራ ማዕከላዊ መንግሥት ወለደ

(ዘመናቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጃንዋሪ 1787 ጄኔራል ዊልያም ሼፐርድ ከአንድ ሺህ በላይ የአሜሪካዋን ግዛት የማሳቹሴትስን ሚሊሺያ ይዞ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ሰፍሯል። ሊጠብቅ የመጣው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ 7 ሺህ ያህል ጠመንጃ፣ ባሩድና መድፍ ተከማችቷል። የራሱ ሰዎች ግን በቂ መሣሪያ የላቸውም። በሩን ከፍቶ እንዳያድላቸው ንብረቱ የማሳቹሴትስ አይደለም፤ የአሥራ ሦስቱ ግዛቶች የጋራ ንብረት ነው። ሼፐርድ ለጦር ሚኒስትሩ ለሄንሪ ኖክስ ጽፎ ፈቃድ ጠየቀ። ኖክስ፣ ይህን መፍቀድ የሚችለው የግዛቶቹ የጋራ ምክር ቤት ኮንግረስ ነው፣ ኮንግረስ ደግሞ አሁን አልተሰበሰበም ብሎ መለሰለት።

በግብርና በዕዳ የተማረሩ የማሳቹሴትስ አማፅያን ግምጃ ቤቱን ሊይዙ እየገሰገሱ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ንብረቱን የሚጠብቅለት ወታደር ቀርቶ “ክፈት” የሚል አፍ እንኳ የለውም። ሼፐርድ ፈቃዱን ሳይጠብቅ ከፈተው።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ታላላቅ ሰዎችና ስለ ታላላቅ ሐሳቦቻቸው ነው። ሐሳቦቹ አልነበሩም አልልም። ነገር ግን ያቺ አገር ከላላ ኅብረት ወደ ጠንካራ ማዕከላዊ መንግሥት ለምን እንደሄደች ለመረዳት ሕገ መንግሥቱ ከተጻፈበት ከፊላደልፊያው አዳራሽ በፊት የስፕሪንግፊልድን ግምጃ ቤት ማየት ይሻላል። እዚያ የሚታየው ከሁሉ በፊት የገንዘብ ጉዳይ ነው።

የሚለምን እንጂ የማይሰበስብ ማዕከል

ግዛቶቹ ከእንግሊዝ ጋር ሲዋጉ የተሳሰሩበት የኮንፌዴሬሽን ስምምነት በ1777 ተረቅቆ በማርች 1781 ጸና። ከንጉሥ ቀረጥ ለመላቀቅ ጦር ያነሱ ሰዎች በገዛ እጃቸው ሌላ ግብር ጣይ ሊሾሙ አልፈለጉም፤ ይህ አያስገርምም። ስለዚህ ኮንግረስ ጦርነት ማወጅ፣ ከውጭ መንግሥታት ጋር መዋዋልና መበደር ይችላል፤ ግብር መጣል ግን አይችልም። ገንዘብ ሲቸግረው ለየግዛቱ ድርሻውን ጽፎ ይልካል። ግዛቱ ከፈለገ ይከፍላል፣ ካልፈለገ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ሕግ አስፈጻሚ ፕሬዚዳንት የለም፣ የጋራ ፍርድ ቤትም የለም። እያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ አለው፤ ከባድ ውሳኔ የዘጠኝ ግዛቶች ድምፅ ይፈልጋል፤ ስምምነቱን ለማሻሻል ደግሞ አሥራ ሦስቱም እሺ ማለት አለባቸው።

ኅብረቱን ያነቀው ይህ የመጨረሻው ነው። በ1781 ኮንግረስ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ 5 በመቶ ቀረጥ እንዲፈቀድለት ጠየቀ። በቀጣዩ ዓመት ትንሿ ሮድ አይላንድ እምቢ አለች፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። በ1783 እንደገና ሲሞከር በወደቧ ከሚያልፈው ዕቃ ጥሩ ገቢ የምታገኘው ኒውዮርክ አሰናከለችው። በዚያው በ1783 ደመወዝ ያልተከፈላቸው 400 ያህል ወታደሮች ፊላደልፊያ ላይ ኮንግረሱ የሚሰበሰብበትን ሕንፃ ከበቡት፤ ኮንግረሱም ከተማዋን ለቆ ወደ ፕሪንስተን ሄደ። በ1784 ደግሞ የኅብረቱ ጦር እስከ 80 ሰው ድረስ ተቀነሰ፦ 25ቱ ፎርት ፒት፣ 55ቱ ዌስት ፖይንት። እንግሊዞች በሰላሙ ውል ሊለቋቸው ቃል የገቡትን እነ ዲትሮይትና ናያግራን የመሳሰሉ ምሽጎች እንደያዙ ቆዩ፤ የሚያስለቅቃቸው አልነበረም።

የበሬው ሐራጅ

ኮንግረስ ግብር አለመሰብሰቡ ለገበሬው እፎይታ የነበረ ሊመስል ይችላል። የሆነው ተቃራኒው ነው። የጦርነቱ ዕዳ ከመከፈል አልዳነም፤ ማዕከሉ ወደብ ላይ ቆሞ ከጨርቅና ከሻይ ላይ ቀረጥ መሰብሰብ ስላልቻለ ሸክሙ ወደየግዛቱ ወረደ፣ ግዛቶቹም በመሬትና በነፍስ ወከፍ ግብር ከገበሬው ይጨምቁት ጀመር።

ማሳቹሴትስ በዚህ ረገድ የባሰችው ነበረች። ዕዳዋን በወረቀት ገንዘብ ከማቅለል ይልቅ በጠንካራ ገንዘብ፣ ማለትም በወርቅና በብር ሳንቲም፣ እከፍላለሁ አለች። በ1786 የጸደቀው ግብር ከ300 ሺህ ፓውንድ በላይ ሲሆን ትልቅ ድርሻው ኮንግረስ የጠየቀውን ለማሟላት የታሰበ ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ወደ ማን ነው ቢባል፣ ለወታደሩ በደመወዝ ፋንታ የተሰጠውን የዕዳ ወረቀት በርካሽ ወደሰበሰቡት ነጋዴዎች ነው። ቀን የጣለው ወታደር ወረቀቱን በጥቂት ሳንቲም ሸጦ ቤቱ ገብቷል፤ አሁን ያው ሰው፣ የገዛው ባለገንዘብ ወለዱን በብር ሳንቲም እንዲቀበል ግብር ክፈል ይባላል።

በዚህ ላይ የንግዱ ዕዳ መጣ። የእንግሊዝ ነጋዴዎች የቦስተኖቹን በሳንቲም ክፈሉን አሏቸው፤ ቦስተን የገጠሩን ባለሱቅ ያዘች፤ ባለሱቁ ገበሬውን ከሰሰ። በምዕራብ ማሳቹሴትስ ባለው የሃምፕሺየር አውራጃ ከ1784 እስከ 1786 ባሉት ሁለት ዓመታት ብቻ ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ የዕዳ ክስ ቀረበ። እህልና ከብት ያለው፣ ሳንቲም ግን የሌለው ሰው በፍርድ ቤት ይረታል፤ በሬው በሐራጅ ከዋጋው በታች ይሸጣል፤ አልበቃ ካለም እስር ቤት ይገባል። የክሱ፣ የዳኛውና የጠበቃው ወጪ ደግሞ በዕዳው ላይ ይደመራል።

ከነዚህ ሰዎች አንዱ የፔልሃሙ ዳንኤል ሼይስ ነው። በነፃነቱ ጦርነት በባንከር ሂልና በሳራቶጋ ተዋግቶ እስከ ካፒቴንነት የደረሰ ነው። የፈረንሳዩ ላፋዬት የሸለመውን ጎራዴ ሲቸግረው በጥቂት ዶላር ሸጦታል ይባላል። አመፁ በስሙ ይጠራ እንጂ እሱ ብቸኛ መሪ አልነበረም፤ እነ ሉክ ዴይና ኤሊ ፓርሰንስም ነበሩ፤ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ሰዎች ይዞ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ የተያዘው መሣሪያ ሳይሆን ብዕር ነው። በኦገስት 1786 የሃምፕሺየር ከተሞች ተወካዮች ሃትፊልድ ላይ ተሰብስበው አቤቱታ ጻፉ፦ የወረቀት ገንዘብ ይታተም፣ የፍርድ ቤት ወጪ ይቀነስ፣ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ይቅር፣ መንግሥቱ ከቦስተን ወደ ሌላ ቦታ ይዛወር። ሳይውል ሳያድር፣ ኦገስት 29፣ 1,500 ያህል ሰዎች ኖርዝሃምፕተን ላይ ፍርድ ቤቱን ከበው ችሎት እንዳይቀመጥ አደረጉ። ችሎት ከሌለ ፍርድ የለም፤ ፍርድ ከሌለ ሐራጅ የለም። ስሌቱ ይህ ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከቦስተን መኳንንት ስሌት የተሻለ ቀጥተኛ ነበር።

ግሬት ባሪንግተን ላይ የሆነው ለብቻው ሊነገር ይገባል። ፍርድ ቤቱን እንዲጠብቅ አንድ ሺህ ያህል ሚሊሺያ ተጠርቷል፤ ፊት ለፊታቸው የታጠቀ ሕዝብ ቆሟል። የዳኞቹ አለቃ ዊልያም ኋይቲንግ ራሱ ለገበሬዎቹ የሚያዝን ሰው ነበር። ሚሊሺያው በሐሳብ ተከፋፍሎ ስለነበር፣ ችሎቱ ይቀመጥ የምትሉ ወደ መንገዱ ቀኝ፣ አይቀመጥ የምትሉ ወደ ግራ ቁሙ ተባለ። 200 ያህሉ ወደ ቀኝ ሄዱ፤ 800 ያህሉ ወደ ግራ። ዳኞቹም ችሎቱን ዘጉ። ሕግ የሚያስከብረው ኃይልና ሕግ ጣሹ አንድ ሕዝብ ሲሆን የሚፈጠረውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም። የማዕከሉ ሰዎች ኋላ ላይ “የግዛት ሚሊሺያ አያስተማምንም” ሲሉ ይህ መንገድ ነበር ፊታቸው ላይ የሚመጣው።

በብድር የተገዛ ጦር

ገዥው ጄምስ ቦውደን ግብሩን ከማቃለል ይልቅ ማጥበቅን መረጠ። አመፅን የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ ያለ ፍርድ እንዳይታሰሩ የሚጠብቀው መብት ታገደ። ስለ ነፃነት ሲጮህ የኖረው ሳሙኤል አዳምስ እንኳ በሪፐብሊክ ላይ የሚያምፅ ሰው ሞት ይገባዋል ባይ ሆነ፤ በንጉሥ ላይ ማመፅ አንድ ነገር ነው፣ ራስህ በመረጥከው መንግሥት ላይ ማመፅ ሌላ ነው የሚል ክርክር ነበረው።

ኮንግረስስ? በኦክቶበር 1786 ተጨማሪ 1,340 ወታደር እንዲመለመል ወሰነ። ለሕዝብ የተነገረው ምክንያት በድንበር ካሉት ነባር ሕዝቦች ጋር ያለው ግጭት ነው፤ እውነተኛው ምክንያት ማሳቹሴትስ እንደሆነች የማያውቅ አልነበረም። ለዚህም ግዛቶቹን ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ያህል ጠየቀ። ከቨርጂኒያ በስተቀር እጁን የዘረጋ የለም።

የማሳቹሴትስም ካዝና ባዶ ነበር። በመጨረሻ ቦውደን የቦስተንን ነጋዴዎች ለመነ፤ ከመቶ በላይ ባለሀብቶች ከኪሳቸው አበደሩና ጄኔራል ቤንጃሚን ሊንከን (ከኋለኛው ፕሬዚዳንት ጋር አይምታታ) ከ3 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ዘመተ። መንግሥት የሚባለው ነገር፣ ማዕከሉም ግዛቱም፣ ሕግ ለማስከበር የአበዳሪዎችን ቦርሳ ጠበቀ። ያውም ባለዕዳዎች በአበዳሪዎች ላይ በተነሡበት ጊዜ! ለገበሬው ከዚህ የበለጠ የጥርጣሬው ማረጋገጫ ሊኖር አይችልም ነበር።

አማፅያኑ ሊንከን ሳይደርስ ግምጃ ቤቱን ለመያዝ ተጣደፉ። ሼይስ ከምሥራቅ፣ ዴይ ከምዕራብ፣ ፓርሰንስ ከሰሜን ጃንዋሪ 25 በአንድ ጊዜ ሊገጥሙ ተስማሙ። ዴይ ግን በመጨረሻው ሰዓት “በ26 ነው የምደርሰው” ብሎ ላከ፤ ደብዳቤው ሼይስ ዘንድ ሳይደርስ በሼፐርድ እጅ ወደቀ። ሼይስም ይህን ሳያውቅ፣ አመሻሹ ላይ፣ በረዶውን እየረገጠ ከሺህ በላይ ሰው አስከትሎ መጣ። የመንግሥት ሰዎች ባርኔጣቸው ላይ ነጭ ወረቀት፣ አማፅያኑ የጥድ ቅርንጫፍ ሰክተዋል፤ ያለዚያ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም፤ ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ጦር ጎን ለጎን የተሰለፉ ናቸው። ሼፐርድ የመጀመሪያዎቹን መድፎች በራሳቸው በላይ አስተኮሰ። አልቆሙም። ቀጥሎ በወገብ ልክ አስተኮሰ። አራት ሰው ሞተ፣ ሃያ ያህሉ ቆሰለ፣ የቀረው ተበተነ።

የተረፈው አጭር ነው። ሊንከን በፌብሩዋሪ 3 ሌሊት በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ ሲጓዝ አድሮ በማግሥቱ ጠዋት ፒተርሻም ላይ ያልጠበቁትን አማፅያን ደረሰባቸው፤ 150 ያህሉ ተማረኩ፣ ሼይስ ወደ ቬርሞንት አመለጠ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በመሐላ ምሕረት ተቀበሉ፤ ሕጉ ግን እነዚህ ሰዎች ለሦስት ዓመት እንዳይመርጡ፣ ዳኝነት ላይ እንዳይቀመጡ፣ አስተማሪና የመጠጥ ነጋዴ እንኳ እንዳይሆኑ ከለከላቸው። ሼይስም በ1788 ምሕረት አግኝቷል።

ደብዳቤዎቹና ፊላደልፊያ

እዚህ ላይ የቀኖቹን ቅደም ተከተል ማጥራት ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ “ሼይስ አመፀ፣ ባለሀብቶች ደነገጡ፣ ሕገ መንግሥት ጻፉ” ተብሎ ይነገራልና። የፊላደልፊያው ጉባኤ ጥሪ የወጣው ከስፕሪንግፊልዱ ተኩስ አራት ወር ቀደም ብሎ ነው። በሴፕቴምበር 1786 አናፖሊስ ላይ ስለ ንግድ ሊመክሩ የተሰበሰቡት ከአምስት ግዛቶች የመጡ 12 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ በዚህ ቁጥር ምንም መወሰን ስላልቻሉ አሌክሳንደር ሃሚልተን ባረቀቀው ሪፖርት በሜይ 1787 ሰፊ ጉባኤ ይጠራ አሉ። የገንዘቡና የንግዱ ችግር ለብቻው ያንን ያህል ገፍቶ ነበር።

አመፁ የጨመረው ሌላ ነገር ነው፤ የሚያመነቱትን አንቀሳቀሰ። ኖክስ በኦክቶበር ለጆርጅ ዋሽንግተን በጻፈው ደብዳቤ አማፅያኑ ንብረት ሁሉ የጋራ ይሁን የሚሉ፣ በኒው ኢንግላንድ ዙሪያም ከ12 እስከ 15 ሺህ የሚደርሱ ናቸው አለ። ይህ የተጋነነ ነበር፤ ገበሬዎቹ የሚፈልጉት የራሳቸው ንብረት እንዳይወሰድባቸው ነው። ዋሽንግተን ግን በሩቁ ማውንት ቨርነን ተቀምጦ ነገሩን በአብዛኛው የሚሰማው ከእንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች ነበር። በተሰሚነትህ ሕዝቡን አረጋጋ ሲባል ኦክቶበር 31 ለሄንሪ ሊ የመለሰው መልስ አጭር ነው፦ “ተሰሚነት መንግሥት አይደለም።” ወደ ጉባኤው ለመሄድ ብዙ አመንትቶ በማርች 1787 እሺ አለ። ኮንግረስም ጉባኤውን የደገፈው ፌብሩዋሪ 21 ነው፤ ከፒተርሻም ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ።

ሌላም ድንጋጤ ነበር፣ ከመድፉ ይልቅ የባሰ። በ1787 የፀደይ ምርጫ ማሳቹሴትስ ቦውደንን ጥላ ጆን ሃንኮክን በሰፊ ድምፅ መረጠች፤ አዲሱ ምክር ቤት የግብሩን ጫና አቃለለ። በሜዳ የተሸነፉት በምርጫ አሸነፉ። ለእኔ ይህ የዴሞክራሲ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ለአበዳሪዎቹ ግን ግዛቶች ለሕዝብ ስሜት ከመጠን በላይ ቅርብ ናቸው የሚል ትምህርት ሆነ። የዚያን ዓመት ክርክር ሁለቱም ፍርሃቶች አሉበት፦ ማዕከሉ ደካማ ነው የሚለውና ግዛቱ ለባለዕዳ ያደላል የሚለው። አንዱን ብቻ ይዞ ሕገ መንግሥቱን የሚያነብ ግማሹን ይስታል።

ጉባኤው ከሜይ 25 እስከ ሴፕቴምበር 17 ተቀመጠ። የቨርጂኒያው ኤድመንድ ራንዶልፍ ሜይ 29 የስምምነቱን ጉድለቶች ሲዘረዝር የማሳቹሴትስን አመፅ ጠቀሰ። የማሳቹሴትሱ ኤልብሪጅ ጌሪ ችግራችን የዴሞክራሲ መብዛት ነው አለ። ይኸው ጌሪ ግን በኦገስት፣ ማዕከሉ ሳይጠራ ወደ ግዛት ጦር ያስገባ የሚለው ሐሳብ ሲቀርብ፣ ማዕከሉ ጣልቃ ገብቶ ቢሆን ማሳቹሴትስ ውስጥ የበለጠ ደም ይፈስ ነበር ብሎ ተቃወመ። በመጨረሻም ሰነዱን አልፈረመም።

የስፕሪንግፊልድ አሻራ በሰነዱ ላይ በግልጽ ይታያል። ኮንግረስ ግብርና ቀረጥ ይጥላል፤ አመፅ ለማብረድ ሚሊሺያ ይጠራል፤ ግዛት ሲጠይቅ ማዕከሉ ከውስጥ ሁከት ይጠብቀዋል፤ ያለ ፍርድ ከመታሰር የሚጠብቀው መብት የሚታገደው በአመፅ ወይም በወረራ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያም የባለዕዳው በር ተዘጋ፦ ግዛቶች የወረቀት ገንዘብ ማተም፣ ከወርቅና ከብር ሌላ ለዕዳ መክፈያ ማድረግ፣ የውል ግዴታን ማፍረስ አይችሉም።

ሁለት ገበሬዎች

ማሳቹሴትስ ሰነዱን ለማጽደቅ ቦስተን ላይ በጃንዋሪ 1788 ተሰበሰበች። ከተወካዮቹ መካከል ከሼይስ ጋር የነበሩ ሰዎች ተቀምጠዋል። ግምጃ ቤቱ ፊት ከተተኮሰ ልክ ዓመት በሞላበት ዕለት፣ ጃንዋሪ 25፣ የሰተኑ አሞስ ሲንግልታሪ ተነሣ። እነዚህ ጠበቆች፣ ምሁራንና ባለገንዘቦች ለስላሳ ንግግር እየተናገሩ ክኒኑን ሊያስውጡን ነው፤ ሥልጣኑን ሁሉ ከያዙ በኋላ ግን ዓሣ አንበሪ ዮናስን እንደዋጠው እኛን ትንንሾቹን ይውጡናል አለ።

የመለሰለት የሌንስቦሮው ጆናታን ስሚዝ ነው፤ እሱም ከአመፁ አካባቢ የመጣ ሰው። በሞፈርና በቀንበር የምኖር ተራ ሰው ነኝ፣ ንግግር አልለመድኩም፤ የደህና መንግሥትን ዋጋ ግን ስላጣሁት አውቄዋለሁ አለ። ባለፈው ክረምት የተነሣውን ጥቁር ደመና፣ ሰዎች በየቤታቸው መሣሪያ ተደቅኖባቸው እንደተያዙ ተረከ። ሰነዱን ሳነበው የዚህ በሽታ መድኃኒት ሆኖ አገኘሁት፤ ያነበብኩትም ጠበቃ ጠይቄ ሳይሆን ለራሴ ነው አለ።

ሁለቱም ስለዚያው ክረምት ነው የሚናገሩት፤ ሁለቱም አልዋሹም። ድምፁ ሲቆጠር 187 ለ168 ሆነ። ከወርስተር አውራጃ 7 ሰው ብቻ ደግፎ 43 ተቃወመ። የማለፉ ምክንያትም ሃንኮክ በመጨረሻ ያቀረበው የማሻሻያ ሐሳቦች ዝርዝር ነው፤ በኋላ የመብቶች ድንጋጌ እንዲጻፍ ከገፉት አንዱ ይህ ነው።

ሲንግልታሪ የፈራው በከፊል ደርሷል፤ የዕዳ ወረቀቱን በርካሽ የገዙት ሰዎች በ1790 የገንዘብ ሚኒስትሩ ሃሚልተን ባወጣው ዕቅድ ከበሩ። ያው ዕቅድ ግን የግዛቶችን እስከ 21.5 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ዕዳ ወደ ማዕከሉ አዞረ፤ ከዚህ 4 ሚሊዮኑ የማሳቹሴትስ ነበር። ማዕከሉ ዕዳውን የከፈለው በዋናነት በወደብ ቀረጥ ነው። ሮድ አይላንድና ኒውዮርክ የከለከሉት ያ ቀረጥ ሲፈቀድ የምዕራብ ማሳቹሴትስ ገበሬ በሬውን ያሸጠው ቀጥታ ግብር በእጅጉ ቀለለ። ሼይስ የተነሣበትን ችግር ያቃለለው፣ ብዙዎቹ ተከታዮቹ የተቃወሙት መንግሥት ሆኖ ተገኘ።

በ1794 በምዕራብ ፔንሲልቫኒያ የውስኪ ግብር የተቃወሙ ገበሬዎች ሲነሡ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ነበር። ከአራት ግዛቶች 13 ሺህ ያህል ሚሊሺያ በሕግ ጠራ፤ ወጪውም ከፌዴራል ካዝና ወጣ፤ የነጋዴ ብድር የለመነ አልነበረም። ጦሩ ሲደርስ ውጊያ ሳይኖር አመፁ በረደ። በአገር ክህደት የተፈረደባቸውን ሁለት ሰዎች ራሱ ዋሽንግተን ማራቸው።